ወፏን ያበረረው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ ጣና ዳር ስንሸራሸር አንድ ወጣት ትልቅ ካሜራ ይዞ ደንገሉ ሥር በሆዱ ተኝቶ አየሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ካፊያም ጀማምሯል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ወፍ ነበረች አባባ፤ ገባችብኝ» አለ፣ ዓይኑን ከደንገሉ ሳይነቅል።

ሳቄ መጣ። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ተጋድሜ ነበር፤ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ጽጽቃ።

ያኔ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ስሄድ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። አገሩ ገደላገደል፣ መንገዱ አቧራ፣ የገበያው ወሬ ግማሹ ኽምጣኛ። መማሪያ መጽሐፋችን ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ የባሕር ማዶ ናቸው። ተማሪዎቼ በሚሻገሩት ወንዝ ዳር ግን አንዲት እግረ ረጅም ወፍ ነበረች፤ ምንቃሯ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ቀለሟ ከጭቃው የማይለይ። የሰው ኮቴ ከሰማች ሸምበቆው ውስጥ ትሰወራለች። እሷን ፎቶ አንስቼ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ልሰቅል ቆረጥኩ።

አስቸጋሪው ብርሃን ነበር። ወፏ የምትወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ብቻ ነው። ከወንድሜ የተዋስኳት ካሜራ ደግሞ ፀሐይ ካልጠገበች አታይም። ፊልሟም ሊያልቅ ደርሷል፤ ሌላ ለመግዛት ሰቆጣ ድረስ መሄድ ነው።

ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወረድኩ። ሌሊቱን ላይኛው ደጋ ሲያጉረመርም አድሯል፤ እኛ ዘንድ ግን ጠብታ አልወረደም። ጫማዬን አውልቄ ወንዙ መሐል ካለው አሸዋ ላይ ተጋደምኩ። ደመናው ከብዶ ንጋቱ ምሽት መስሏል። ወፏ ወጣች። አንድ እግሯን አነሳች፣ ቆመች፣ አሰበች፣ አስቀመጠች። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ደመናው እስኪሳሳ ጠበቅሁ። ትንሽ ብርሃን፣ ትንሽ ብቻ።

ከዳገቱ ላይ አንዲት ሴት ጮኹ። በኽምጣኛ ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። ከብት የሚጠሩ መሰለኝ። ደግመው ጮኹ። አልተነሳሁም። ያን ጊዜ ከፊቴ ውሃው ላይ ድንጋይ ዱብ አለ። ወፏ ብርር! ጣቴም ሳላስበው ካሜራዋን ተጫነ።

ንዴቴ ለብቻው ነበር። ጫማና ቦርሳዬን እዚያው ትቼ፣ ካሜራዋን ብቻ ይዤ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። «ምን አደረግሁዎት?» ልል አፌን ስከፍት፣ ሴትዮዋ ክንዴን ጨምድደው ወደ ላይ ጎተቱኝ። ወዲያው ከኋላዬ ተራራ የተናደ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የተኛሁበት አሸዋ የለም። ደራሽ ውሃ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ያልፋል። ቁጭ አልኩ።

እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። ጎርፉ በላይኛው መታጠፊያ ሲመጣ ከዳገቱ ሆነው አይተውት ኖሯል።

«ብጠራህ ቋንቋዬን አልሰማህም፣ ልጄ» አሉኝ፣ አማርኛውን ቃል በቃል እየፈለጉ። «ድንጋይ ግን ሁሉም ይሰማል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ። ምን ልበልዎት?»

«ምንም አትበል። አምና ወንድሜን እዚሁ ወሰደብኝ። የሚጠራው ሰው አላገኘም።»

ትርንጎ ይባላሉ። ቤታቸው ወስደው፣ ጠል የጠጣ ቀዝቃዛ በለስ እየላጡ አበሉኝ፤ እሾሁ ከንፈሬ ላይ ቀርቶ እንኳ ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር የለም። በባዶ እግሬ እንዳልሄድ የባላቸውን በረባሶ አጫምተው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እየሄድኩ ኽምጣኛ ያስተምሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ያስጠኑኝ «ውሃ መጣ!» ማለትን ነው። እየሳቁ፣ ግን እስክችለው ድረስ አልለቀቁኝም። ያ አገር አገሬ የሆነው በዚያ ክረምት ነው።

ፎቶው ሰቆጣ ታጥቦ ሲወጣ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው «ይኼ ጭስ ነው እንዴ?» አለኝ። ትምህርት ሲከፈት ሰቀልኩት። ተማሪዎቼ ግን ገና ሲያዩት «ወፏ!» ብለው ተንጫጩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እትዬ ትርንጎም ካረፉ ቆይተዋል። ገበያ ላይ ሻጭ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በእፍኙ ጨመር የሚያደርጋት ምርቃት ትባላለች። ሚስቴንም፣ ልጆቼንም፣ ካስተማርኳቸውም አብዛኞቹን ያገኘሁት ከዚያ ማለዳ ወዲህ ነው። የኔ ስፍር ያን ዕለት ሞልቶ ነበር። የቀረውን የመረቁኝ እሳቸው ናቸው።