ልጄ ያለሰለሰችው ፀጉር

ልጄ አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ትሠራ ነበር። ከአሠሪዎቼ ጋር ወደ ጄኔቭ ልመጣ ስል በዋዜማው አስቀምጣ ፀጉሬን በመድኃኒት አለሰለሰችልኝ። «ፈረንጅ አገር ስትደርሺ ሰው ምሰዪ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ አሰራት የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለ፣ ወሬም የለ። አሠሪዎቼ ወደ አገር ሲመለሱ እኔ ፈርቼ ቀረሁ።

ፀጉሬ ግን አደገ። ከሥሩ እንደ ጥንቱ ከርዳዳ ሆኖ ወጣ፤ ጫፉ ብቻ ለስላሳ ቀረ። ያ ጫፍ የእሷ እጅ ነው ብዬ መቀስ አላስነካውም። ሰርቬት በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ መስተዋት ፊት ቆሜ አዲሱን በጣቴ እለካለሁ፤ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ አራት። መገናኛው ላይ እየተሰበረ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንዲህ ተበጣጥሶ ከሚያልቅብኝ ብዬ ቆረጥኩት። ጫፉን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩ። አንዱን ጎን ከሌላው ላስተካክል ስል ጭራሽ አሳጠርኩት።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ስሰግድ ነጠላዬ ከራሴ ሸርተት አለ። አብረውኝ የሚያስቀድሱት ያገሬ ሴቶች ፀጉሬን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። እኛ ዘንድ ሴት ፀጉሯን እንዲህ የምትቆርጠው መቼ እንደሆነ እኔው ረስቼው!

ሰኞ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከቅዳሴው ሴቶች ሦስቱ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል፣ አንዷ ድስት ይዛለች። በማለዳ ጥቁር ለብሶ የሚመጣ ሰው መርዶ ነው የሚያመጣው። «ልጄን!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። እነሱም ተቀብለው አለቀሱ። ፈረንጁ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።

በዕድሜ ትልቋ እንባቸውን ጠርገው፣ «መቼ ነው የሰማሽው?» አሉኝ።

«እኔ ምን ሰማሁ? የሰማችሁት እናንተ!»

«እኛማ ፀጉርሽን አይተን፣ ለሐዘን የቆረጥሽው መስሎን ነው!»

«ፀጉሬማ መድኃኒቱ ጨርሶት ነው የቆረጥኩት።»

ባለ ድስቷ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔኮ ከሥራ ቀርቼ ነው ያለቀስኩት!» ስትል፣ እንባችን ሳይደርቅ ሁላችንም ሳቅን።

ድስቱን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ትልቋ ከለከሉ። «የለቅሶ ወጥ እዚህ ቤት አይበላም፤ ሟርት ነው። መልሺው።»

እስከ ደረጃው ሸኘኋቸው። «ልጅሽ ደህና ናት» የምትለኝ ትኖራለች ብዬ ጠበቅሁ። ትልቋ ግንባሬን ስመው፣ «እንግዲህ ሻሽ እሰሪ» ብለውኝ ወረዱ።

በሩን ዘግቼ ሻሼን አሰርኩ። ፀጉሬ እስኪያድግ ድረስ ከቤት ስወጣ አልፈታሁትም፤ ማንም እንዳያለቅስላት።