ወንድ ይዘው ይምጡ

ጎረቤቴ እትዬ በጭሮ ከተማ ገበያ ጫት ይሸጣሉ። ትውልዳቸው በደሳ አካባቢ ነው፤ አማርኛ የለመዱት ከደንበኞቻቸውና ከእኛ ቤት ነው። በልጅነቴ ፍርድ ቤት ጉዳይ ሲኖራቸው አባቴ አብሯቸው ይሄድ ነበር። ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃል፣ አባቴ በኦሮምኛ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ረጅም መልስ ይሰጣሉ፣ አባቴ አሳጥሮ ለዳኛው ያቀርባል። እትዬ እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው ያ ማሳጠሩ ነው።

አሁን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ አስተርጓሚ የምፈልገው እኔ ሆኛለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የገበያ ኦሮምኛ አያቅተኝም፣ የቢሮው ግን ሌላ ነው። ንግድ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ እትዬ ያስተረጉሙልኛል። እሳቸውም ያሳጥራሉ።

አምና ባላቸው ሞቱ። አብረው ሲያለሙት የኖሩትን የጫት መሬት የሟች ወንድም «የአባታችን ነው» ብሎ አጥሮ ያዘው። እትዬ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። አዲስ ሻሽ አስረው ነበር።

«ምንም አልፈራም» አሉኝ መንገድ ላይ፤ «አሁን በቋንቋዬ ነው።»

ኃላፊው ወጣት ነው። በጥሩ ኦሮምኛና በጥሩ አክብሮት እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ከዚያ «ከሟች ወገን ወንድ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ይቺ ለእኔም ገባችኝ።

እትዬ ወደ እኔ ጠቆሙ። ኃላፊው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ዘመድ ነህ?»

«ጎረቤት ነኝ።»

«ጎረቤት አይሆንም።»

እትዬ ከወንበሩ አልተነሡም። ልጁን ያውቁታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣቶቹ ተቃውሞ ጊዜ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ እሱንና ጓደኞቹን ከመደባቸው ጀርባ ደብቀው ፊታቸውን አጥበውላቸዋል።

«ያን ቀን» አሉት፣ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ በአማርኛ፣ «ወንድ ይዘሽ ነይ አላልከኝም።»

ልጁ ቀላ። «ሕጉ እንዲህ አይልም፤ ልማዱ ነው» አለ።

«እንግዲያው ልማዱ ራሱ መጥቶ ይክሰሰኝ። አንተ ሕጉን ሥራ።»

አቤቱታቸውን ተቀበለና ለሽማግሌዎች መራው። ሽማግሌዎቹ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው «እውነት አላት» አሉ፤ ቀጥለውም «ግን» አሉ። ነገሩ በዚህ «ግን» ላይ ወራት ተቀመጠ።

በመጨረሻ የገበያው ጫት ሻጭ ሴቶች አንድ ጠዋት መደባቸውን ዘግተው ቢሮው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። መፈክር አላሰሙም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኞቹ ከተማው ውስጥ ጫት እንደሌለ ተረዱ። ከሰዓት በኋላ የእትዬ ጉዳይ ተሰማ።

የመሬቱ የታችኛው ግማሽ ለእሳቸው ተወሰነ፤ ውሃ ያለው የላይኛው ለወንድምየው።

«ግማሽ ብቻ» አልኩ ስንወጣ። ተናድጄ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፤ በስሜ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በቀበሌው የሴቶች ተወካይ ሆነዋል። ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ ያስቀምጧቸዋል፤ ሻይ የሚታዘዘውም በእሳቸው በኩል ነው። ባለፈው ስብሰባ ስለ ውሃው መናገር ጀምረው ነበር፤ ሰብሳቢው እንዲያሳጥሩ ጠየቃቸው። አላሳጠሩም።