አስዋንግ የተባለችው ሉዲቪና

ሉዲቪና ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ ከቀርከሃ ቤቷ ጓሮ ዓሣ በጭስ እያደረቀች ነው የኖረችው። ጭሱ ዓይኗን ደም አስመስሎት ነበር። የሌላዋ ጎረቤታችን የሮሴንዳ ጽንስ የጨነገፈ ጊዜ ታዲያ መንደሩ ሁሉ በዚያ ቀይ ዓይን ላይ ተነሣ። «አስዋንግ ናት» አሉ፤ ቀን ሰው መስላ ውላ ሲመሽ ክንፍ የምታወጣ፣ በጣሪያ ቀዳዳ ምላሷን ሰድዳ ከእናቱ ሆድ ጽንስ የምትመጥ። ከዚያ ወዲያ ዓሣዋን የሚገዛት ጠፋ። የማያውቃት ሰው ፍለጋ ጀልባ እየቀያየረች ሩቅ ገበያ ትወርድ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ስትገባም አብሯት አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ሜርሊታ የምትባል ሙሽራ ከሌላ ደሴት መጣች። ወሬውን አልሰማችም። አረገዘችና ጥሬ ማንጎ ሲያምራት የሉዲቪናን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ከዛፍዎ አንድ ልቅጠፍ?»

«የማን ምራት ነሽ አንቺ?» አለች ሉዲቪና ከውስጥ።

«የኮንሶርሲያ።»

«በይ የፈለግሽውን ያህል ቅጠፊና ቶሎ ሂጂ። እዚህ እንዳያዩሽ!»

«ምነው፣ እበላዎታለሁ እንዴ?» ብላ ልጅቷ ሳቀች።

አማቷ ነገሩን ስትነግራት እንኳ አልቀረችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማንጎዋን በጨው እየበላች በተዘጋው በር ታወራለች። ሉዲቪና አንዳንዴ ትመልስላታለች።

ሜርሊታ መውለጃዋ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ሉዲቪናን ወደብ ላይ አገኘኋት፤ ጓዟን ጠቅልላለች።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ልጅቷ እስክትገላገል ዞር ልበል። አንድ ነገር ብትሆን በማን ይላከካል?»

በማታውቀው ከተማ ዓሣ እየዘለዘለች፣ ገበያ ውስጥ እያደረች ሰነበተች። ሜርሊታ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። ኮንሶርሲያ ውኃ ስንቀዳ ያዘችኝ።

«አየሽ? እሷ ስትርቅ ልጁ ደኅና ተወለደ! ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር አለ?»

«ለእናንተው ብላ እኮ ነው የሄደችው።»

«ደግሞ አንቺ ጠበቃዋ ሆንሽ?»

ሉዲቪና በተመለሰች ማግስት ሜርሊታ ሕፃኑን ይዛ ሄደች።

«ይቀፉት እንጂ፣ እማማ።»

«አይሆንም። እዚያው ሆነሽ አሳዪኝ።» መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ብዙ አየችው። «ጆሮው ትልቅ ነው፤ ዕድሜ አለው» አለችና መልሳ ዘጋችው።

ሜርሊታ ልጁ ማልቀስ እስኪጀምር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በሩ ግን አልተከፈተም።