የበረኛው ማክሰኞ

ዛሬ ግሮቭፖርት፣ የምሠራበት የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት አንድ ባልደረባዬ ወገቡን በሚያቃጥል ቅባት ሲያሽ ሽታው ጋሼ ታደሰን አስታወሰኝ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሬይኖልድስበርግ ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጉልበታቸውን በዚያው ዓይነት ቅባት እያሹ፣ በእኔ ላፕቶፕ የሁለት ትንንሽ የእንግሊዝ ክለቦችን የዋንጫ ጨዋታ እናያለን። ኮሜንታተሩ ያለውን እተረጉምላቸው ነበር።

"የባለ ሰማያዊዎቹ በረኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዌርሃውስ ነው የሚሠራው" አልኳቸው።

ማሸታቸውን አቆሙ። "እንደኔ?"

"እንደርስዎ።"

ከዚያ ወዲያ ኳሱን ትተው እሱን ብቻ ያዩ ጀመር። በተወረወረ ቁጥር "ተው አንተ ልጅ፣ ሰኞ ካርቶን የሚያነሳልህ የለም" ይሉታል።

ባለ ሰማያዊዎቹ አንድ ለዜሮ ሲመሩ ቆይተው በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ጎል ገባባቸው። አቻ ከወጡ ጨዋታው ማክሰኞ እንደሚደገም ነገርኳቸው።

"በሥራ ቀን? እንግዲያው አንድ ይግባበትና ይገላገል።"

"ጋሼ፣ የሱ ደጋፊ አልነበሩም እንዴ?"

"ደጋፊው ስለሆንኩ ነዋ።"

በጭማሪው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠበት። በግራ በኩል ተወርውሮ አዳነው። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለሱ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅኳቸው። "ጋሼ፣ የትናንቱን ጨዋታ ሦስት ለሁለት..." ስል አቋረጡኝ።

"እሱን ማን ጠየቀህ? ለማክሰኞ ከሥራ ኦፍ ሰጡት?"

ዛሬም በእረፍቴ ያንን ጨዋታ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ውጤቱ አለ፤ ጎሎቹ የገቡበት ደቂቃ ሳይቀር አለ። ኦፍ ይስጡት አይስጡት የጻፈ ሰው ግን የለም።