ሌላ ሱቅ ይሂድ

ነገሩ የደረሰው ወንዱ ልጃችን የተወለደ ሰሞን ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው የድምፅ መስጫ ፖስታ በየቤታችን የገባበት የሜልበርን ጸደይ ነበር። ልጁ ልደቱን ባከበረ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

በዚያ ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን የምሳ ሰዓት ወሬ አንድ ብቻ ነበር። ኬክ ጋጋሪ ለእንዲህ ያለ ሠርግ ኬክ መሥራት ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ደንበኛ መመለስ ይችላል ወይስ አይችልም? እኔ አፌን ሞልቼ ይችላል ባይ ነበርኩ። ሰው በእምነቱ አይገደድም እያልኩ ስከራከር፣ አንዷ ባልደረባዬ ታዲያ ደንበኛው የት ይድረስ አለችኝ። «ሌላ ሱቅ ይሂድ» ብዬ ሳንድዊቼን ገመጥኩ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቴ በኦፕራሲዮን ወለደች። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ማህሌት ቅዳሜ ከሰዓት ሆስፒታል ሄዳ ወንድሟን ልታይ ነው። ሚስቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀጉሯ ተሠርቶ እንዳመጣት። ጠዋት ራሴ ሞከርኩ። ማህሌት መስታወት ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረና «ዳዲ፣ ፕሊስ ስቶፕ» አለችኝ።

እዚያው ሰፈራችን ሜድስቶን፣ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ ሹሩባ የሚሠራበት ፀጉር ቤት ነበር። መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ በሩ ላይ «ለሴቶች ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጄ ሴት አይደለች እንዴ ብዬ በሩን ገፋ አደረግሁት። ሂጃብ የለበሰች፣ ጠና ያለች ሴት ብቅ ብላ በሩን በሰውነቷ ጋረደችው። ውስጥ ያሉት ሙስሊም ሴቶች ፀጉራቸውን ስለገለጡ ወንድ ማስገባት እንደማትችል በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልጅቷ ትግባ፣ ላንተ ደጅ ወንበር አወጣልሃለሁ አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ሰንብቷል፤ በዚያ ላይ መሥሪያ ቤት የወሰድኩት የእኩልነት ሥልጠና ሁሉ ያኔ ትዝ አለኝ። ሰውን በጾታው ለይቶ መመለስ በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ ሪፖርት እንደማደርጋትም ነገርኳት። ይህን እያልኩ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ውስጥ ገብታ ሴቶቹን አነጋገረቻቸው። ጥቂት ቆይተው ሻርፓቸውን እየጠመጠሙ ወጡ። አንዷ ሂና የተቀባ ፀጉሯን በፕላስቲክ ሸፍና፣ ከላዩ ሻሽ ጣል አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ አጠገቤ አለፈች። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሴትየዋ የማህሌትን ፀጉር መሥራት እንደ ጀመረች አንድ ጓደኛዬ እንኳን ደስ ያለህ ሊለኝ ደወለ። የት ነህ ቢለኝ፣ በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ «አንዷ እስላም አላስገባም ብላኝ፣ ሕግ ስጠራባት ጭራዋን ቆልታ አስገባችኝ» አልኩት። ተሳሳቅን። የሴትየዋ ጣቶች አንድ አፍታ ቆም ብለው ቀጠሉ። የደከማት መሰለኝ።

ማህሌት ስለ ወንድሟ በእንግሊዝኛ ስትለፈልፍላት ቆየች። ሹሩባው አምሮ አለቀ። ሴትየዋ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ» አሉኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

እስካሁን «አለች» እያልኩ የጻፍኩት የዚያን ቀን አፌ እንደዚያ ስለነበር ነው። ከዚህ በኋላ ግን አልችልም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግራ መጋባቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «ደሴ ጎረቤት ሲወልድ እንደዚያ ነው የምንለው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን አመሰግናለሁ የሚል ብቻ ነው።

በእንግሊዝኛ አንቺም እርስዎም አንድ ነው። ደጅ ላይ በአማርኛ ጀምረን ቢሆን ኖሮ፣ የእናቴ ታናሽ እህት የሚሆኑ ሴት ላይ እንደዚያ ባልጮህኩ ነበር እላለሁ፤ ይህም ራሴን ለማጽናናት ነው። ሌላ ሱቅ ይሂድ ያልኩት ሰውዬ፣ ወንበር ይውጣልህ ስባል እንኳ አሻፈረኝ አልኩ።

ፎቶውን አጠፋሁት። ሕጉ ከማናችን ጋር እንደነበረ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ስለ ኬክ ጋጋሪውም ምሳ ሰዓት ላይ ሲነሳ ዝም ማለት ጀመርኩ።

ሆስፒታል ደርሼ መልእክታቸውን አደረስኩ። ሚስቴ ሹሩባውን ወደደችው፤ ኋላም የእኚህ ሴት፣ የእትዬ ዘሃራ ደንበኛ ሆነች። እሷንና ማህሌትን በመኪና የማደርሳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ዘሃራም ደጅ ወንበር ያወጡልኛል። ያን ቀን ስልክ ላይ ያልኩትን ለሚስቴ አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳትም።

«እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው፤ አንተ ግን ለምንድን ነው አቀርቅረህ ሰላም የምትላቸው?» ትለኛለች ሚስቴ። ፀሐዩ ነው እላታለሁ፤ ደመና በሆነ ቀን እንኳ።