የጎረሰች ነፍጥ በለቅሶ ሜዳ

እኔ ፎካሪ አልወድም። ይኸው ተናገርኩ። ጀግና አልጠላም፣ ጀግናማ ቤቴ ይግባ፣ እህሌን ይብላ። ፎካሪ ሲነሣ ግን ወደ ኋላ እላለሁ። ለምን ብትሉ፣ በፉከራ ውስጥ ያለ ነፍጥና ሰው ትከሻ ላይ ያለ ነፍጥ ስማቸው እንጂ ሌላው አይገናኝም። የፉከራው ነፍጥ አይከሽፍም። ዝናብ ባሩዱን አያረጥበውም። ጧት አንዴ ከጎረሰ እስከ ማታ ሲተፋ ይውላል። ባለቤቱም በአንድ እጁ ይዞት፣ በሌላው ጎፈሬውን እያበጠረ፣ ዐይኑን ወደ ሴቶቹ ጥሎ፣ ሸለቆ ማዶ ያለውን ሰውዬ ግንባሩን ይለዋል። ጉድ እኮ ነው!

ይህን ያስተማረኝ የአክስቴ ባል ነው። እሱ ባይነግረን ኖሮ አክስቴም እኔም ያን ቀን አፈር በልተን ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

አክስቴ ለተጊዮርጊስ የአንኮበር አልቃሽ ነበረች። አልቃሽ ስላችሁ ለቅሶ ቤት ሄዳ የምታነባ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያማ ሁላችንም እናነባለን። እሷ ሜዳ መካከል ቆማ፣ የሟቹን ታሪክ በግጥም እያወረደች፣ እንባው የደረቀውን ሰውዬ ሁሉ ደረቱን የምታስደቃ ነበረች። ከሰላ ድንጋይ ድረስ በቅሎ ተልኮላት ትሄድ ነበር። እኔና ሌሎች ሴቶች ደግሞ ከኋላዋ ቆመን ግጥሟን እንቀበላታለን።

ባሏ ወርቅአገኘሁ የባላምባራስ ብርሃነ መስቀል ነፍጥ ያዥ ነበር። ጌታው መንገድ ሲወጡ ነፍጣቸውን ተሸክሞ ይከተላል። ባሩዷን ያደርቃል፣ ውስጧን ይወለውላል፣ ሲታዘዝ ያጎርሳታል፣ ቤት ሲገቡ ጉርሻዋን ያወጣል። ከብቱ ካለቀበት ዘመን ጥቂት ዓመት ቀደም ይላል ይህ የምነግራችሁ። ከኋላቸው የሚጎርሱ አዳዲስ ጠመንጃዎች ከባሕር በኩል መምጣት ጀምረዋል። የባላምባራስ ነፍጥ ግን የድሮዋ ናት፤ ከአፈሙዟ ባሩድ ይጨመርባታል፣ አረሩ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ በመጨረሻ ከመቺዋ ሥር ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደረግላታለች። ቃታው ሲሳብ መቺው ቆቧን ይመታል፣ እሳቱ ይገባል፣ ነፍጧም ትጮኻለች። ቆብ ከሌላት ዱላ ናት። ወርቅአገኘሁ ይህችን ነገር እንደ ዳዊት ነበር የሚደግማት።

እንግዲህ አልቃሽና ነፍጥ ያዥ አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አስቡት። አክስቴ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ግጥሟን ታሰማምራለች።

«ዐሥሩን የምትጥል ባንድ ጉርሻ ውላ፣
እንደሱ ነፍጥ ያለው ማን ቀረ ከኋላ።»

«አይሆንም» ይላል ወርቅአገኘሁ ከመደቡ ላይ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«በአንድ ጉርሻ አንድ ነው የሚወድቀው፣ እሱም ከቀናሽ። ለሁለተኛው ባሩድ፣ አረር፣ ዘንግ፣ ቆብ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ እስኪሆን ጠላት ቆሞ ይጠብቅሻል?»

«አንቱ ሰው! እኔ ሰው ላስለቅስ ነው እንጂ ጦር ላሰልፍ ነው እንዴ?»

«ሐሰት ነዋ።»

«እሺ፣ ሬሳው ፊት ቆሜ ‹ነፍጡ ከሸፈበትና እግሬ አውጪኝ አለ› ልበል? ዘመዶቹ በሕይወት ይሸኙኛል?»

 በዚህ ጊዜ እሱ የቀኝ ሌባ ጣቱን በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቆብ አስመስሎ ይደፋና ያሳያታል። ‹ቆቧን ረሳሽ› ማለቱ ነው። እየቆየ ይህ ነገር ልማድ ሆነበት። ለቅሶ ሜዳ ላይ ሳይቀር፣ እሷ ነፍጥን ባነሣች ቁጥር፣ ከሰው መካከል ሆኖ ፈገግ እያለ አውራ ጣቱን ያሳያታል። እሷ ታየዋለች፣ በንዴት ትበግናለች፣ ግጥሟን ትቀጥላለች። «አንድ ቀን ያንን አውራ ጣቱን ባልቆርጥለት!» ትለኝ ነበር። እኔ እስቃለሁ።

ባላምባራስ ለርስት ጉዳይ ወደ አረርቲ ወርደው ሳለ የቆላ ንዳድ ያዛቸው። በቃሬዛ አመጧቸው። መንገዱ ሽፍታ ስለነበረው ነፍጧ እንደ ጎረሰች ነበር የመጣችው። አንኮበር ገብተው፣ ቤታቸው አልጋ ላይ ሳይደላደሉ፣ ነፍሳቸው ወጣች። ወርቅአገኘሁ ነፍጧን ከትከሻው እንኳ አላወረደም ነበር፤ የጌታውን እግር ይዞ ይንሰቀሰቃል።

ታናሽ ወንድማቸው ኪዳነ ማርያም ገባ። አንቱታውን ለታላቁ ጨርሼዋለሁ፣ ለዚህኛው አልተረፈኝም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሟቹን አንዴ አየና እጁን ወደ ወርቅአገኘሁ ትከሻ ሰደደ።

«ነፍጧን አምጣ።»

«ጌታዬ፣ ጎርሳለች። ጉርሻዋን ላውጣላትና ይውሰዷት።»

«ሰበብ አትፈልግ! ወንድሜ ዐይኑ ሳይከደን ነፍጡን ልታስቀር?»

«እግዜር ያውቃል፣ ለርስዎው ብዬ ነው…»

«ለኔ ነፍጥ ልታስተምር?»

መንጭቆ ወሰዳት። በሸማ ጠቅልሎ ራስጌው አስቀመጣት፣ ማንም ዝር እንዳይልባት ብሎ አዘዘ። ወርቅአገኘሁ በማግስቱ ሰው ልኮ አስነገረ፤ የተላከው ሰው ተሰድቦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ‹መቼም ራሱ አይቶ ያወጣላታል› እያለ ራሱን ማጽናናት ያዘ። ምን ያድርግ? ነፍጥ ያዥ ነፍጡን ከተቀማ ቃሉም አብሮ ይቀማል።

ሠልስቱ ዕለት ትልቁ ለቅሶ ሆነ። ጧት ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር፣ ረፋዱ ላይ ገለጠ፣ ፀሐይ ወጣች። ሰዉ ዙሪያውን ቆሟል። የሟቹ በቅሎ ተጭና፣ ጋሻቸው ኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ መጣች። ለጓሟን የያዘው ወርቅአገኘሁ ነው። ትከሻው ባዶ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላው። እኛ ሴቶቹ ከፊት ለፊቱ ቆምን፣ አክስቴ ከሁላችን ቀድማ። በእኛና በእሱ መካከል ደግሞ ለፎካሪ የተተወ ቦታ አለ።

ኪዳነ ማርያም ነፍጧን ይዞ ወደዚያ ቦታ ዘሎ ገባ። ነፍጧ በአንድ እጁ ናት፣ አፈሙዟን ሰው ላይ እያዞረ ይንጎራደዳል። አፈሙዙ በዞረበት በኩል ሰው ጎንበስ ይላል፣ ይሳሳቃልም። ፎካሪዎች አንድ አጉል ልማድ ነበራቸው፤ በመጨረሻ ባዶ ነፍጥ ሰው ላይ አነጣጥረው፣ ቃታ ስበው፣ ቀጭ ያሰኛሉ። ሴቱ ሲደነግጥ ጀግንነት ይመስላቸዋል። ኪዳነ ማርያምም የወርቅአገኘሁን ቃል ሰበብ ነው ብሎ ስለናቀ ለዚያ ነው የተዘጋጀው።

ምስኪኗ አክስቴ ምን ታውቃለች? ባሏ ነፍጧ እንደጎረሰች አልነገራትም፤ በሐዘኗ ላይ ሌላ ላለመጨመር ብሎ። እሷ ሥራዋን ሠራች። እጇን ወደ ነፍጧ ዘርግታ አወረደች፦

«ጌታሽስ ዝም ቢልሽ አንቺስ ዝም ትያለሽ?
ተናገሪ እንጂ ነፍጥ አፍ ምላስ እያለሽ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ! እኛም ተቀበልናት፤ ተናገሪ እያልን ጮኽን። ኪዳነ ማርያም ደሙ ፈላ። «ዘራፍ!» ብሎ መቺዋን ወደ ኋላ ሳበና አፈሙዟን አክስቴ ደረት ላይ ደገነ። ጣቱ ቃታዋ ላይ ናት።

መቺዋ ወደ ኋላ ስትሳብ ፀሐይዋ ከሥሯ ያለችውን ነገር አበራቻት። ወርቅአገኘሁ ከኪዳነ ማርያም ኋላ በስተጎን ስለነበር አያት። የመዳብ ቆቧ እሱ ራሱ ባኖራት ቦታ ቁጭ ብላለች። ጉርሻውም አልወጣም ማለት ነው።

ኋላ ምን እንዳሰበ ነግሮናል። ቢጮኽ ኪዳነ ማርያም ይደነግጣል፣ የደነገጠ ጣት ደግሞ ቃታ ይስባል። ዘሎ ቢይዘው፣ ነፍጡን ሊቀማ ነው ብለው አሽከሮቹ ይረባረባሉ፣ በግብግቡ መካከል ትጮኻለች። ሚስቱ ከአፈሙዟ የክንድ ያህል ብቻ ርቃ ቆማለች። የቀረው ነገር ቢኖር ያ አውራ ጣት ነበር። ለጓሙን ለቀቀና ጣቱን በጥፍሩ ላይ ደፋ።

አክስቴ አየችው። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«እዚህም?» አለችኝ በጥርሷ መካከል። «ጌታው ሞቶ፣ እዚህም ሊያርመኝ?»

ፊቷን አዞረችበት። ይባስ ብላ ያንኑ ግጥም እንደገና አወረደችው፤ ተናገሪ እንጂ ነፍጥ! የኪዳነ ማርያም ክንድ ተወጠረ። እኔ ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም፣ እንደ ሞኝ እቀበላለሁ።

ወርቅአገኘሁ ግን አልተወም። ሌላ ጊዜ አንዴ አሳይቶ ፈገግ ይላል፣ ይተዋል። አሁን ሁለቱን እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቷል።  ፈገግታ የሚባል የለም፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። አክስቴ ዞር ብላ ስታየው አንድ ነገር ከነከናት። ‹ምኑን ነው የሚያርመኝ? ዐሥር ወደቀ አላልኩ፣ ሳይጎርስ ተኮሰ አላልኩ፣ በዚህ ግጥም ውስጥ የሚታረም የለም› ብላ አሰበች። ከዚያ ዐይኖቹን ተከተለች። እሷን አይደለም የሚያዩት። ነፍጧን ነው። እሷም መቺዋ ሥር አየች፣ ቆቧንም አገኘቻት።

 ብትሮጥ ኪዳነ ማርያም ይስባል፣ ከኋላ ካለነው አንዷ ትወድቃለች። ዝም ብትልም ፉከራው አለቀ ማለት ነው፣ ፉከራው ሲያልቅ ቃታው ይሳባል። አክስቴ በሕይወቷ የያዘችው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ተኮሰችው። ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ድምፅዋ እየተሰባበረ፦

«እዚህ ምን ቀረና ታያለች ወደ ሰው፣
ወደ ላይ ቀና አርጋት ጌታዋ እዚያ ነው።»

ኪዳነ ማርያም ቆም አለ። ፎካሪ አልቃሽ ያለችውን ካላደረገ ሰው ይንቀዋል። ግን ቀጭ ማሰኘቱም አምሮታል። ምርጫው ፊቱ ላይ ሲሄድና ሲመለስ ይታየኝ ነበር። አክስቴ ደገመችው። እኛም ተቀበልን፣ ሰዉም ተቀበለ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ! ያን ጊዜ አፈሙዟ ከደረቷ ወደ አንገቷ ወጣች። ከአንገቷ ወደ ግንባሯ ወጣች። ግንባሯ ላይ ስትደርስ አክስቴ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጠጕሯን አልፋ ወደ ሰማይ ቀና አለች፣ እሱም ቃታውን ሳበ።

ኧረ በሥላሴ! ጆሮዬ እስከ ዛሬ ይጮኽብኛል። በአንድ እጅ የተያዘች ነፍጥ መቼ ታግሳ? ሰደፏ ተመልሶ መንጋጋውን አለውና በጉልበቱ ተንበረከከ። በቅሎዋ ደንብራ ሰዉን ጥሳ ወጣች። ጭሱ መካከል አክስቴ እንደቆመች ናት፣ ነጠላዋ ባሩድ ባሩድ ይሸታል።

ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «እሰይ!» አለ። «ለወንድሙ ክብር ተኮሰለት!» አለ። ኪዳነ ማርያምም ደም የሞላውን አፉን ጠረገና ግራ ቀኝ አየ፣ ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ ሆነ፣ ከዚያ ተነሥቶ «ዘራፍ!» አለ። እስኪሞት ድረስ ለክብር ብዬ ራሴ አጉርሼ ነው እያለ አወራው። ይኸ ነው ፎካሪ!

አክስቴ ለቅሶውን እስከ መጨረሻው አስለቀሰች። ሦስታችን አብረን ወደ ቤት ተመለስን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ወርቅአገኘሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔኮ ሊያርሙኝ መስሎኝ ልሰድብዎ ነበር» አለችው።

«ዛሬስ የሚታረም የለውም» አላት።

ወርቅአገኘሁ ከብቱ ያለቀ ዓመት፣ በሰዉ ላይም በሽታ ሲወርድ፣ ሞተ። ለነፍጥ ያዥ በቅሎ አይጫንም፣ ነፍጥም አይወጣለትም። የመጣነው ጥቂት ሰዎች ነን። አክስቴ ግን እንደ ባላባት ለቅሶ መካከል ቆመች፦

«ቢያገኝም ቢስትም አንዴ አጉርሶ ነበር፣
ከሽፋበት ታውቃለች እውነቱን ልናገር።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለባሏ ነፍጡ ከሸፈ ብላ የምታለቅስ አልቃሽ ማን አይቶ? አንዱ ሳቁን አፈነ። እኛ ልንቀበል አፋችንን ስንከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችን። ሰዉ የቆመበትን እያየች ጠበቀች። አንድ በአንድ ፊቱን ሁሉ አየች። ማንም አውራ ጣቱን አላሳያትም።

«ልክ ነው ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላ አላወረደችም፤ እጇን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳት።