ጋሼን ማስተኛት

ሙዚየሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ጭቄ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በልጅነቷ ነው፤ አባቷ በዚያው ሙዚየም ምድር ቤት ከምድር የጠፉ እንስሳትን ሐውልት ሲሠሩ፣ እሷ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ የተራረፈውን ጭቃ ስታቦካ ትውል ነበር። ጭቃው ከፀጉሯ ሳይለቅ አደገች፣ ተማረች፣ ወለደች ከበደች። አባቷ ጡረታ ሲወጡም ወንበራቸውን ወረሰች። ዛሬ ሃምሳን እያንኳኳች ነው፤ ጭቃው ግን አሁንም ከፀጉሯ አልለቀቀም።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። አንድ እንስሳ ከጠፋ ስንትና ስንት ዘመን በኋላ የሚተርፈው አጥንቱ ነው፤ እሱም ከተረፈ። ዶክተሯ፣ ማለትም አጥንቱን ከመሬት አውጥታ የምታጠናው ባልደረባዋ፣ እያንዳንዱን አጥንት ከነስንጥቁ ታስረክባታለች። ጭቄ ደግሞ ጡንቻ ተጣብቆበት የነበረውን ሻካራ ቦታ በጣቷ እየዳበሰች በትንሽ ሞዴል ላይ ጭቃ ትደርባለች። መጀመሪያ ጡንቻውን፣ ቀጥላ ቆዳውን። እስከዚህ ድረስ አጥንቱ ይመራታል። ከዚያ ወዲያ ስቡ ምን ያህል ነበር፣ ጉንጩ ይሞላ ነበር ወይ፣ ቀለሙስ ብትለው አጥንት መልስ የለውም።

ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ ያውም በምሳ ሰዓት። ዶሮ ተበልቶ ሲያበቃ አጥንቱን ሳህን ላይ ሰብስበው፣ «በይ እንግዲህ፣ ዶሮ የሚባል ነገር በዓይንሽ አይተሽ አታውቂም። ያገኘሽው ይሄን ብቻ ነው። ሳዪልኝ» ይሏታል። የመጀመሪያዋ ዶሮ ላባ አልነበራትም፤ አናቷ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋም የለችም። በክንፏ ፈንታ ሁለት ቀጫጭን እጆች አንጠልጥላ፣ ከሕመም የተነሣች ትመስል ነበር። እናቷ ሥዕሉን አይተው «ይቺንስ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስዳት» አሉ። አባትና ልጅ በሳቅ ፈረሱ።

አባቷን ያስከበራቸው ግን ጋሼ ነው። ጋሼ በትልቁ አዳራሽ መካከል የቆመ ግዙፍ እንስሳ ነው፤ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ፣ ጅራቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ አፉን በርግዶ፣ ጥፍሩን ወደ በሩ ዘርግቷል። ዘበኞቹ ጠዋት ሲገቡ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ይሉታል። ዓይኑ የማንን ዓይን እንደሚመስል ቤተሰቡ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የአባቷ አማት ያልተጠራ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያዩት ልክ እንደዚያ ነበር። ልጆች ገና ከበሩ ሲገቡ ይጮኻሉ። አባቷ ጡረታ ከወጡም በኋላ እሁድ እሁድ ይመጡና ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጩኸቱን ያጣጥማሉ። «ይኸው፣ ነፍስ አለው» ይላሉ። «ግዑዝ ነገር ማንን ያስጮኻል?»

ታዲያ ምን ይሁን፣ ዶክተሯ አዲስ አጽም ይዛ ከች አለች። የዚያው የጋሼ ዘር ነው፤ አንድ አጥንት እንኳን ሳይጎድል፣ አራት እግሩን ከሥሩ አጥፎ፣ አንገቱን ወደ ጎኑ ቆልምሞ ተገኘ። እንደተኛ አሸዋ ተንዶበት ይሆናል። ጥርሱ ቅጠል የሚፈጭ ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። የሚሄደው በአራት እግሩ ነበር፤ ያ ሁሉ ጥፍርም ቅርንጫፍ ማውረጃ ኖሯል። ምስኪኑ ጋሼ በዕድሜው ማንንም ገላምጦ አያውቅም። ጭቄ ይህን ስትሰማ እንደ ልጅ ደስ አላት፤ ዶክተሯ ግን ቀጠለች።

«ስለዚህ አሮጌው ይወርዳል። አዲሱን እንደተገኘው፣ እንደተኛ፣ በቦታው ትሠሪልናለሽ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሙዚየሙ ውስጥ ወሬውን ያልሰማ አልነበረም፤ ያልሰሙት አባቷ ብቻ ናቸው። ጭቄ «አዳራሹ ለእድሳት ተዘግቷል» አለቻቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው፤ ያን ሰሞን እህል አልበላ አላት።

ደግሞ ሥራው አልሆን አለ። በአባቷ ሐውልት ላይ የተሠራውን ስሕተት እንዳትደግም ብላ፣ አጥንቱ ያልመሰከረውን አንዲት ቁራጭ ጭቃ አልጨምርም ብላ ማለች። ቆዳውን ከአጥንቱ ጋር አጣብቃ አለበሰችው። የጎድኑ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጉንጩ ገብቷል። ዶክተሯ ሞዴሉን ዞር ዞር ብላ አየችውና አንገቷን ነቀነቀች።

«ልክ ነው። አንዱም አጥንት አልተዛነፈም። ብቻ የተኛ አይመስልም።»

«ምን ይመስላል?»

«የሞተ።»

ጭቄም ይህንኑ አይታ ነበር። የአባቷን ሕያው አውርዳ በቦታው ሬሳ ልታጋድም ነው። ከዚህ የባሰ ነገር በሕይወቷ አልገጠማትም።

በማግስቱ የሥራ ክፍሉ በር ተከፈተ፤ አባቷ ናቸው። ከዘበኞቹ አንዱ አንጀቱ አልችል ብሎት ደውሎ ነግሯቸዋል። የጋሼ ጭንቅላት ከአንገቱ ተቆርጦ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበርና መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«እሱን ነው እኔን?»

«እርስዎን፣ አባባ።»

ከዚያ ሁሉን ነገረቻቸው፤ የእግሩን፣ የጅራቱን፣ የአሸዋውን። ጠፍጣፋውን ጥርስ ስታቀብላቸው በአውራ ጣታቸው አሹት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጭቄ አለቀሱ ብላ ደነገጠች፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ቅጠል በላውን ፍጥረት ይሄን ሁሉ ዘመን አፉን አስከፍቼ አቆምኩት?» አሉ። «ጉሮሮው እንዴት ደርቆ ይሆን። አማቴም በከንቱ ተወነጀሉ።» ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ለጋሼም አዝነውለታል። መሐረቡን ኪሳቸው ከተው ወደ አዲሱ ሞዴል ሄዱ።

«ይሄንንስ ምን ቢበድልሽ ነው ያስራብሽው?»

«ስቡን አጥንቱ አይናገርም፣ አባባ።»

«አልነበረም ብሎስ ተናግሯል?»

አባቷ ኮታቸውን አወለቁ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አነጠፉና በጎናቸው ጋደም አሉ። የሚኮሩበት ቦርጫቸው ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። «እስቲ እዪ፣ ሥጋ ሲተኛ የት የት እንደሚሄድ» አሏት፤ ለማሳየት ብቻ ነበር የተጋደሙት፣ ግን ምሳ በልተው ስለነበር እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

ጭቄ በርጩማ ሳበችና አየች። ሆድ ወደ ምድር ይፈስሳል። የታችኛው ጉንጭ ይጨፈለቅና ከንፈርን ወደ አንድ ወገን ይገፋል። አገጭ ሥር ቆዳው ይደራረባል። የሚተኛ ሰው ክብደቱን በሙሉ ለወለሉ አምኖ ይሰጣል። ለካ የጎደለው ይሄ ነበር። እጇን ጭቃው ውስጥ ከተተች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ሳትነክስ ሠራች።

ዶክተሯ በሩን ከፍታ ስትገባ ሽማግሌውን ወለል ላይ ተዘርግተው አየቻቸውና ክው አለች።

«ምነው፣ አባትሽ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆኑ። ሥራ ላይ ናቸው።»

አባቷ ይህንኑ በማንኮራፋት አረጋገጡ። ዶክተሯ እሳቸውንና ሞዴሉን እያፈራረቀች አየች፤ ከዚያ እሷም በርጩማ ሳበች። «ከጉልበቱ ኋላ ይሄን ያህል አትሙይው፣ እግሩ አይታጠፍም» አለች። «ትከሻውም ላይ የጡንቻው ልክ እዚህ ድረስ ነው። ሌላውን አጥንቱ አይከለክልሽም፤ እንደ ልብሽ።»

ትልቁ ሐውልት ሲሠራ አባቷ ከምድር ቤቱ አልጠፉም። የአንገቱን እጥፋት ለማንም አላስነካ ብለው በገዛ እጃቸው ሠሩት። አባትና ልጅ ተጨቃጨቁ፣ ተሳሳቁ፣ ስለ ጆሮው ቅርጽ ደግሞ ተኳርፈው ዋሉ።

አዳራሹ በተከፈተ ቀን አባቷ አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጭቄም አጠገባቸው። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እየተጋፉና እየተንጫጩ ገቡ። ሐውልቱን የከበበው ገመድ ጋ ሲደርሱ ጫጫታው ቀጥ አለ። የጮኸ የለም።

«ዝም አሉ እኮ» አሉ አባቷ፣ ፊታቸው ጥቁር አለ። የጭቄም ልብ አብሮ ወረደ።

ከፊት የነበረች አንዲት ልጅ ከኋላ ወደሚገፏት ዞረችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ፣ ይነቃል።»

ልጆቹ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ጫማቸው እንዳይሰማ በጣታቸው እየረገጡ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው እንስሳውን ይዞሩት ጀመር። ጭቄ እንባዋ መጣ። ወደ አባቷ ዞራ «አባባ፣ ሰሙ?» ልትል አፏን ስትከፍት፣ እሳቸው ጥፍራቸው ሥር ጭቃው ያልለቀቀ ጣታቸውን ከንፈሯ ላይ አደረጉ።

«ዝም በይ እንጂ» አሏት በሹክሹክታ። «ተኝቷል።»